የፀጉር አስተካካዩ ምሳ

«ቀጥል እንጂ፣ ሰው ቆሟል» አሉት ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሾፌሩ ጭልፋውን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል። ሳህን ዘርግተው ከፊቱ የቆሙት የሚስቱ አባት ናቸው፤ አንድ ጣሪያ ሥር አብረውት የሚኖሩት፣ ረፋዱ ላይ «ፀጉር አስተካካዩ ወዳጄ ጋ ምሳ ተጠርቻለሁ» ብለው ከቤት የሚወጡት አማቱ። ኮታቸው እንደ ወትሮው ተተኩሷል። የሸሚዛቸው አንገትጌ እስከ ላይ ተቆልፏል። ከፊታቸው ልብሱ ኖራ የነካካው የቀን ሠራተኛ፣ ከኋላቸው ሕፃን ያዘለች ሴት አለች፤ እሳቸው ግን በመሐል ሠርግ የተጠሩ ነው የሚመስሉት።

ሾፌሩ ሩዙን ጨለፈ። ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አላነሳም። በሩዙ ላይ አትክልት፣ በአትክልቱ ላይ ሥጋ ደረበበት፤ ከሌላው አብልጦ ይሁን አሳንሶ ለራሱም አልታወቀውም። አማቱ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው አድርገው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉትና ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አግዳሚዎቹ ሄዱ።

ጭልፋ መያዝ የሾፌሩ ሥራ አልነበረም። እሱ ከሆቴሉ ወጥ ቤት ድስቶቹን ጭኖ ያመጣል፣ ያወርዳል፣ ባዶውን ይመልሳል። ምግቡ ሲታደል መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። ዛሬ ግን ምግብ ከሚያድሉት አንዷ ታማ ቀረች። የምግብ ማደያው አዳራሽ ኃላፊ፣ ትልቅ ትንሹ «ማዘር» የሚላት ደንዳና ሴትዮ፣ ሽርጥ አንገቱ ላይ ጣል አድርጋበት «መሪ ማዞር ካላቃተህ ጭልፋ አያቅትህም» ብላ ጎትታ አስገባችው።

ምግቡ ከትልቁ ሆቴል የተረፈ ነው፤ ለእንግዳ ተዘርግቶ እንግዳ ያልነካው። ድሮ ይህ ሁሉ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለው ጉድጓድ ይገባ ነበር፤ ያውም ሰው መልሶ እንዳያወጣው በረኪና ተደፍቶበት። ሥራ አስኪያጁ አንድ ስብሰባ ላይ የሰማውን ሰምቶ ከተመለሰ በኋላ በረኪናው ቀረና ምግቡ በመኪና ወደ አዳራሹ መምጣት ጀመረ። ሾፌሩ በዚህ ደስ ይለው ነበር። በዕድሜው ያልጫነው ነገር የለም፤ ሲሚንቶም፣ ጎብኚም፣ ሬሳም ጭኗል። ሲያራግፍ የሚመረቅበት ጭነት ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ከተረፈው ምግብ ሠራተኛም ሆነ የሠራተኛ ቤተሰብ እንዳይቀምስ ሆቴሉ ከልክሏል። ሠራተኛ ከቀመሰ ሆን ብሎ አብዝቶ ያበስላል የሚል ነው ምክንያቱ። ሠራተኛው የራሱ ምሳ አለው፤ ምድር ቤት ወርዶ በልቶ ይወጣል፣ ይዞ መውጣት ግን አይችልም። ወደ አዳራሹ ሊጫን ከተዘጋጀው ዳቦ ትንሽ ቦርሳዋ ውስጥ የተገኘባት ዕቃ አጣቢ በዚያው ቀን ተባራለች። ከዚያ ወዲህ ሾፌሩ በር ላይ በተፈተሸ ቁጥር ኪሱ ባዶ መሆኑን እያወቀም ልቡ ድው ድው ትላለች።

እደላው ሲያልቅ አማቱን ከመኪናው ጀርባ አገኛቸው። አፋቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ይጠብቁት ነበር።

«ፀጉር አስተካካዩስ?» አላቸው፤ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ሆነ።

«ሞተ» አሉት።

ነገሩን ቀስ ብለው አስረዱት። ፀጉር አስተካካዩ የልብስ ስፌት ቤታቸው ጎረቤት ነበር፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግድግዳ ተጋርተው ሠርተዋል። ዓይናቸው ደክሞ መርፌ ማስገባት ሲያቅታቸው፣ የስፌት ቤቱም ለመንገድ ማስፊያ ሲፈርስ፣ ወደ ልጃቸው ቤት ገቡ። ወዳጃቸው ግን አልረሳቸውም፤ በየቀኑ ያስጠራቸውና ከመስተዋቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አብረው ምሳ ይበሉ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ሲሄዱ ቤቱ ተዘግቶ፣ ሰው በር ላይ ቆሞ አገኙት። ቀብረው ተመለሱ። በማግስቱ እግራቸው በለመደው ሰዓት ከቤት አወጣቸው። ከተማውን ሲዞሩ የምግብ ሽታ መጣባቸው፣ ሰልፍ አዩ፣ ተሰለፉ። ማታ ልጃቸው ምን እንደበሉ ስትጠይቃቸው ሩዝ አሏት። ያ እንኳ ውሸት አልነበረም።

«ለምን እቤት አይበሉም፣ አባባ?»

አማቱ መሐረባቸውን አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«የቤትህን ምሳ አይተኸው አታውቅም» አሉት። «አንተ ጠዋት ወጥተህ ማታ ነው የምትገባው። እኔ አይቼዋለሁ። ልጄ መጀመሪያ ለእኔ ታወጣለች፣ ቀጥሎ ለልጆቹ። ከዚያ ‹እኔ እዚያው ከድስቱ እበላለሁ› ብላ ጓዳ ትገባለች። ማንኪያው ድስቱን ሲፍቅ ይሰማሃል። የሚፋቅ ነገር ግን የለም፤ ድምፁ ብቻ ነው።»

የሾፌሩ ሚስት የምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእሱ ደመወዝ ብቻ ነው። እንደማይበቃ ያውቃል። እንዴት እንደማይበቃ ግን አያውቅም ነበር።

የሆቴሉን ክልከላ ነገራቸው። ከዚህ ምግብ ሲበሉ የታዩ እንደሆነ እሱ እንደሚባረር፣ ሲቀጠር ዋስ ሆነው የፈረሙለት እሳቸው ስለሆኑ የአስተዳደር ሰዎች መልካቸውን እንደሚያውቁ አንድ በአንድ አስረዳቸው። አማቱ በጥሞና ሰሙት።

«እንግዲያው አልመጣም። የእንጀራ ገመድህን አልበጥስም።»

«የት ይሄዳሉ?»

«ከተማው ሰፊ ነው።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሾፌሩ ገባው። ልጆቹ በልተው እስኪጨርሱ ከመንገድ መንገድ ሲዞሩ ይውሉና፣ ጠግበው እንደመጡ ሆነው ይገባሉ። ለሚስቱ መንገር እንዳለበት ሲያነሳባቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ለእሷ የነገርክ ቀን ከቤትህ እወጣለሁ» አሉት። አልተቆጡም፤ ልብስ ለክቶ ቁጥር እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገሩት።

በየትም በኩል ቢዞር መውጫ አልነበረውም። ቢመጡ እንጀራው ይዘጋል፤ ቢቀሩ ይራባሉ፤ ቢናገር ቤት ለቀው ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ ማንም ሐሳቡን ሳያወጣው ተስማሙ። ይምጡ፤ አዳራሽ ውስጥ ግን አይተዋወቁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾፌሩ ውሸታም ሆነ። መንዳት እንጂ መዋሸት አልለመደምና መጀመሪያ ላይ በጣም ተቸገረ። ሚስቱ አባቷን በየቀኑ የሚመግበውን ደግ ሰው ሳታመሰግነው መቅረቷ ቅር እያላት የራሷን አሮጌ ሹራብ ተርትራ ለፀጉር አስተካካዩ አዲስ ሠራችለት። አባቷ ወሰዱላት፤ ሰውየው በጣም ደስ እንዳለውም መልሰው ነገሯት። ሾፌሩ ሹራቡን በሦስተኛው ቀን ኖራ የነካካው የቀን ሠራተኛ ለብሶት ሰልፍ ላይ አየው። እጅጌው ትንሽ አጥሮታል።

ቀጥሎ ሰውየውን እቤት እንጋብዘው አለች። ሾፌሩና አማቱ ተያዩ። ጉልበቱን እንደሚያመው፣ ብዙ መራመድ እንደማይችል ነገሯት። እንግዲያው እኛ ሄደን እንጠይቀው አለች። ሐኪሙ ሰው እንዳይበዛበት ብሏል አሏት። እንዲህ እንዲህ እያሉ የሞተውን ሰው አንዴ ጉልበቱን፣ አንዴ ወገቡን እያሳመሙ ከረሙ። አንድ ማታ ሚስቱ ትራሷ ላይ ጋደም ብላ «እንዲህ የሚታመም ሰው ምሳ ማን ያበስልለታል?» ስትለው ሾፌሩ እንቅልፍ የወሰደው መሰለ።

ቀን ቀን ምድር ቤት ወርዶ የሠራተኛ ምሳውን ይበላል። ምግቡ አይከፋም፣ ይበቃልም። እሱ ግን እየጎረሰ የማንኪያውን ድምፅ ይሰማል። ሊተወውም አልሆነለትም፤ የተወ እንደሆነ ምድር ቤት ይቀራል እንጂ ሚስቱ ዘንድ አይደርስም።

ነገሩ በዚሁ ሊቀጥል ይችል ነበር። አንድ ቀን ግን ድስቶቹን ጭኖ ሲጨርስ የሆቴሉ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ መጥታ ጋቢና ከጎኑ ተቀመጠች፤ ቀልጣፋ ወጣት ናት። ካሜራ የያዘ ጎልማሳ ከኋላ ገባ። ሆቴሉ ስለሚሰጠው ምግብ ቪዲዮ እንደሚሠሩ፣ ዛሬውኑ በየስልኩ እንደሚለቀቅ በደስታ ነገረችው። ከሁሉ በላይ የምትፈልገው ፊት ነው፤ ሰው ሳህኑ ሲሞላለት ፊቱ ላይ የሚታየውን።

ሾፌሩ ደውሎ እንዳያስጠነቅቃቸው አማቱ ስልክ የላቸውም። ነበራቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ቢደውል እንዳያጣት ብለው ለልጃቸው ትተውላታል። መኪናውን ቀስ አድርጎ ነዳው። መንገዱ እንዲዘጋጋ ተመኘ፤ የዚያን ቀን ደግሞ እንደ ተጠረገ ነበር።

«ጋሼ፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉ፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አለችው ልጅቷ።

አዳራሹ አንድ በር ብቻ ነው ያለው። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ብርሃን ፍለጋ እዚያው በሩ ላይ እግሩን ተከለ። ሰልፉ ያለው አዳራሹ ውስጥ ነበር። ሕፃን ያዘለችው ሴት ሻሿን ዝቅ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች። ሌሎቹ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ማዘር ወደ ልጅቷ ቀርባ ፊታቸው ቢቀርስ ብላ ለመነቻት፤ ልጅቷ ግን በአክብሮት፣ እጇን ይዛ መለሰችላት።

«ማዘር፣ ሰጪው ማን እንደሚበላ ካላየ ነገ አይሰጥም እኮ።»

ማዘር ወደ ድስቶቹ ተመለሰች። የነገውን የምታበስልበት የራሷ ድስት እንኳ የላትም።

አማቱ ከሰልፉ መሐል ነበሩ፤ ሳህናቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ካሜራውን አይተዋል። ከሰልፉ ቢወጡ የሚወጡት በካሜራው ፊት ነው፤ ቢቆዩም እየመጣባቸው ነው። ዓይናቸው ሾፌሩን ፈለገው፤ በአዳራሹ ውስጥ ሲፈልገው የመጀመሪያው ቀን ነበር። ካሜራው የቀን ሠራተኛውን ጨርሶ ወደ እሳቸው ዞር ማለት ሲጀምር ሾፌሩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሽርጥ መንጭቆ ሄደ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ዘገዩብን» አላቸው ጮክ ብሎ። «ቦታዎ እኮ እዚያ ነው።»

ሽርጡን አንገታቸው ላይ አጠለቀላቸው። ሳህኑን ከእጃቸው ወሰደው። አማቱ መጀመሪያ ሳህኑን፣ ቀጥሎ እሱን አዩ። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው ከድስቶቹ ጀርባ ዞሩ። ማዘር ምንም ሳትጠይቅ ጭልፋውን አቀበለቻቸው።

«እኚህ አባት ማን ናቸው?» አለች ልጅቷ።

«በጎ ፈቃደኛ ናቸው» አለች ማዘር ዓይኗን በጨው ታጥባ። «ያለ እሳቸው ይሄ አዳራሽ አይንቀሳቀስም።»

ካሜራው ሰልፉን ትቶ ሽማግሌው ላይ ተተከለ። እሳቸውም ማደሉን ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ይመስል ነበር። አንዲት የሩዝ ፍሬ አላፈሰሱም። ሳህኑ ሲዘረጋላቸው ጎንበስ ይላሉ፣ ይሞላሉ፣ ቀጣዩን ይቀበላሉ። ልጅቷ ማድነቋን ልትደብቅ አልቻለችም። ምግብ ለሰው ማደል ምን ስሜት እንደሚሰጣቸው ጠየቀቻቸው።

«ለሰው ስታወጪ ሳህኑን እዪ እንጂ ፊቱን አትዪ» አሏት። «ፊቱን ካየሽው ነገ አይመጣም።»

«በጣም ደስ ይላል» አለች ልጅቷ። «አንዴ ይድገሙልን፣ ወደ ካሜራው እያዩ።»

ደገሙላት።

ድስቶቹ ተጠራርገው አለቁ። ሾፌሩ የመጨረሻው ሳህን ሲሞላ እያየ ነበር፤ ለአማቱ የሚሆን ከየትም አልቀረም። ልጅቷ የሆቴሉ ምልክት ያለበትን ቆብ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። ቪዲዮውን ለሥራ አስኪያጁ ገና እደላው ሳያልቅ ልካለት መልስ መጥቶ ነበር፤ ነገ ራሱ መጥቶ ሊጨብጣቸው ይፈልጋል፤ በየቀኑ ቢመጡ ደግሞ ሆቴሉ ደስታውን አይችለውም። «አንድ ነገር ብቻ» አለች ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፤ የሚያድሉ ሰዎች ከምግቡ እንደማይቀምሱ ለሆቴሉ ባለቤት ቃል ተገብቷል። በሚያድሉት ላይ ሐሜት እንዳይመጣ ነው።

«አታስቢ፣ ልጄ» አሉ አማቱ። «እኔ ምሳዬን በልቼ ነው የምመጣው።»

ሾፌሩ ባዶዎቹን ድስቶች ጭኖ ሲነሳ በመስተዋቱ አያቸው። በሩ ላይ ቆመዋል። ቆቡን አላደረጉትም፤ በእጃቸው ይዘውታል። የእንጀራቸውን በር የዘጋባቸው እሱ ራሱ ነበር። ሊያድናቸው ብሎ ምሳቸውን ከእጃቸው ነጠቃቸው፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ደግሞ የሚበላ ሰው ፊት ጭልፋ ይዘው ያቆማቸዋል። እንዳይቀሩ ሥራ አስኪያጁ ይጠብቃል።

ማታ ሲገባ ቪዲዮው ቀድሞት ደርሶ ነበር። አንዲት ጎረቤት በስልኳ አምጥታ አሳይታቸዋለች። ልጆቹ ጭልፋ ይዘው እየተሽቀዳደሙ «ሳህኑን እዪ እንጂ ፊቱን አትዪ» ይባባላሉ። ሚስቱ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ እንዲህ ፊቷ ፈክቶ አያውቅም።

«አባዬ፣ ለምን ደበቁኝ?» እያለች ትጠይቃለች።

ይህ ምን ይወራል ብለው አለፉት። እሷ ግን መልሱን ራሷ አግኝታለች። አባቷና ፀጉር አስተካካዩ ምሳቸውን እየበሉ በዚያው ድሃ ለመርዳት ይሄዱ ኖሯል፤ ሰውየው ጉልበቱን ባያመው እሱም በቪዲዮው ይታይ ነበር። አማቱ በስስ ፈገግታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እራት ቀረበ፤ ድንች በቲማቲም፣ ዳቦ። ሾፌሩ አማቱን ሰርቆ ያያቸዋል። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም። ያም ሆኖ ከሌላው ጊዜ አብልጠው አልቆረሱም። ጥርስ በቀረላቸው በኩል ቀስ ብለው ያኝካሉ፣ ውኃ ይጎነጫሉ፣ እንደገና ያኝካሉ። ሳህናቸው ሳይጋመስ ወደ ትንሿ የልጅ ልጃቸው ገፋ አደረጉላት። «ምሳ ከብዶኛል» አሉ።

ሾፌሩ ሚስቱን ተመለከተ። አሁን ቢነግራት ይህ የፈካ ፊት በአንድ ቃል ይጠፋል፤ አባቷም ነገ ቦርሳቸውን ይዘው ይወጣሉ። ባይነግራት ነገ አዳራሹ ውስጥ ባዶ ሆዳቸውን የሰው ሳህን ሲሞሉ ይውላሉ። ስለ ነገ አሰበ። እሱ እንደ ወትሮው ምድር ቤት ወርዶ ይበላል፤ የዛሬ ማታ ግማሽ ሆድ አይገድለውም። ድስቶቹ ከወረዱ በኋላ መኪናው ባዶውን ይቆማል። የጀርባው በር ገርበብ ቢል ውስጥ ማን እንደተቀመጠ አይታይም።

ከፊቱ ያለው ሳህን ተጋምሷል። ገፋ አደረገው።

«ይሄን ለነገ ምሳ ቋጥሪልኝ» አላት። «ዳቦም ጨምሪበት፤ ከእኔ ድርሻ።»

«የሆቴሉስ?»

«የሠራተኛ ምሳ ቀረ።»

ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ለማያውቁት ሁሉ በመኪና እየላኩ የገዛ ሠራተኛቸውን ያስርባሉ?»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

አማቱ ቀና አሉ። ከንፈራቸው ተላቀቀ፤ አንድ ቃል አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ሾፌሩ አማች አማቱን ሊያይ ከሚገባው በላይ ዓይኑን ሳይነቅል አያቸው። ከንፈራቸው ተመልሶ ገጠመ።

ሚስቱ እያጉረመረመች ክዳን ያለው ዕቃ አመጣች። ድንቹን ገለበጠችው። ዳቦውን አነሳችና እሱ ሁልጊዜ ከሚሻማበት ከዳር በኩል ቢላዋውን አሳረፈች።

«ከመሐሉ አድርጊልኝ» አላት። «ቅርፊቱ ይቅር።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ቅርፊት የጠላኸው?» አለችው። መልሱን ግን አልጠበቀችም፤ ቢላዋውን ወደ መሐል አዛወረችው።